ልትቆጥር የመጣች መምህርት

ሰው በደህናው ጊዜ ዘመዱን ትቶ መንገድ ወደሚያልቅበት መንደር አይመጣም። መንደሩ ሁሉ የሚያምነው ይህን ነበር። ስለዚህ አዲሷ መምህርት ከጭነት መኪናው ላይ ወርዳ አቧራዋን ስታራግፍ፣ በየአጥሩ ሥር የቆሙት ሴቶች መጀመሪያ ያዩት ፊቷን ሳይሆን ዕቃዋን ነበር። በገመድ የታሰረ ፍራሽ፣ ድስትና ኩባያ የታጨቀበት ባልዲ፣ እጀታው የተሰበረ ጃንጥላ፣ ከነዚህ ሁሉ ኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን። ሳጥኑ ተቆልፏል።

«ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ይሆን ወደ እኛ የላኳት?» አለች አንዷ።

«ባሏን ገድላ ይሆናላ!»

«ኧረ ባል የገደለች እንዲህ አትከሳም። የምትከሳውስ ባል ያላት ናት» አለች ሦስተኛዋ፤ ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

መምህርቷ ሳቁን እንጂ ቃሉን አልሰማችም። ግን አራተኛ መንደሯ ነውና ቃሉን ለማወቅ መስማት አላስፈለጋትም።

ሳጥኑን ከሾፌሩ ረዳት ጋር ተጋግዞ ያስገባላት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሄድ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል የሚያደርግ። መንደሩ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን ማንም አይጠይቅም። ሳጥኑን ከግድግዳው ጥግ ካስቀመጠ በኋላ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ከባድ ነው» አለ።

«እንጨቱ ነው አባባ። የድሮ እንጨት ስለሆነ ነው» አለች መምህርቷ ፈጠን ብላ።

«አዎ፤ እንጨቱ ይሆናል» አለ ጆሮ፣ ክዳኑን በመዳፉ እየዳበሰ።

የዚያኑ ዕለት ግን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ ሲል አወራ፦ «በሩ ላይ ስንደርስ ሳጥኑን አዘነበልነው። ውስጡ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ዕቃ ቢሆን ይንኳኳል፤ ልብስ ቢሆን ይንሸራተታል። ጢም ብሎ የሞላ ነገር ብቻ ነው የማይንቀሳቀስ።»

«ምንድን ነው እሱ ጢም ብሎ የሚሞላ?»

«ወረቀት ነዋ» አለ ጆሮ፣ እንዳየ ሰው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሳጥኑ ባዶ ነው።

የመምህርቷ እናት በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት ሴት ናት። ልጇ የማስተማሪያ ወረቀቷን ተቀብላ ወደ መጀመሪያው መንደር ልትሄድ ስትል፣ ካላት ነገር ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው ብላ ሳጥኗን ሰጠቻት። ልጅቱ አዘነች። «ምን ላድርግበት እማዬ? የምከተው ነገር የለኝ!» አለች። እናትየው ከደረቷ ላይ ቁልፉን ፈታ በመዳፏ አስጨበጠቻት። «ቆልፊው። ባዶም ቢሆን ቆልፊው። ሰው የሚያከብረው ሁለት ሰው ነው፤ ዘመድ ያለውንና ቁልፍ ያለውን። አንቺ በሰው አገር ዘመድ የለሽም።»

እናትየው ከሞተች ቆይታለች። ምክሯ ግን በሦስት መንደር ሠርቷል። ቤት አከራዮች ሳጥኑን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጎረቤት «ያላት ሴት ናት» ይላል። ሁለት ቀሚሷን ግድግዳው ላይ በሚስማር ትሰቅላለች እንጂ ሳጥኑ ውስጥ አትከትም። ብትከት በየቀኑ መክፈት አለባት፤ ብትከፍት ደግሞ አንድ ቀን አንዱ ዘው ብሎ ገብቶ የሳጥኑን ባዶ ወለል ማየቱ አይቀርም። ቁልፉን በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ልብሷ ጋር አያይዛ ትውላለች። ደመወዟ ለምን እንዳልተጠራቀመ የምታውቀው እሷና እናቷን ያስታመመችበት ሐኪም ቤት ናቸው።

የገጠር መምህርነት ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። የመጀመሪያው መንደር ወንዝ የሚከፍለው ነበር። ወንዙ ሲሞላ ግማሹ ተማሪ ወዲያ ማዶ ይቀራል፤ እሷም ዳር ላይ ቆማ እየጮኸች ቃል ትጠራላቸው ነበር፤ እነሱም ማዶ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ጉሮሮዋ የሻከረው ያኔ ነው። በሁለተኛው መንደር ነፋስ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ወሰደው፤ ቆርቆሮው ከአንድ ገበሬ በረት ላይ ተገኘ። ገበሬው «እግዜር የሰጠኝን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽ» ብሎ እስከምትሄድ ድረስ ሰላምታ ነሳት። ሦስተኛውን ትወደው ነበር። ግን ሰዉ ወደ አዲሱ አስፋልት እየተነቀለ ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ያኔ ጽሕፈት ቤት የተቀመጡት ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው ነገሯት። «አራተኛው የመጨረሻሽ ነው። እሱም ተማሪ አጥቶ ከተዘጋ ሌላ ክፍል የለኝም። ግምጃ ቤት ገብተሽ መጥረጊያና ባልዲ ትጠብቂያለሽ።»

ከጠመኔ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላት። ስለዚህ ወደዚህ መንደር ስትመጣ የሚያስፈራት ብቸኝነቱ ወይም የጣሪያው ፍሳሽ አልነበረም። የሚያስፈራት ባዶ ወንበር ነበር።

የትምህርት ቤቱ ክፍል ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ መዝጊያ የለውም። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ስለተሰነጠቀ፣ ረዥም ቃል ሲጻፍ ስንጥቁን መዝለል ያስፈልጋል። መምህርቷ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመደችው። ልጆቹም «ቲቸር፣ ቲቸር» እያሉ ለመዷት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

ሒሳብ የምታስተምርበት የራሷ ዘዴ አላት። «ቁጥር ከሰማይ አይወርድም፤ ከየቤታችሁ ነው የሚወጣው» ትላለች። ከመጽሐፉ ብርቱካንና ኳስ ይልቅ የልጁን የራሱን ቤት ታስቆጥረዋለች። በሦስቱም መንደር ልጆቹ ሒሳብ የለመዱት በዚህ ነው።

«እናንተ ቤት ስንት ፍየል አለ?» ብላ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ጠየቀችው።

«ሰባት፣ ቲቸር!»

«ሦስቱ መንታ መንታ ቢወልዱስ?»

ልጁ ጣቱን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። «ስድስት ግልገል… ዐሥራ ሦስት!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ልጁም ግልገሎቹን ያዋለደ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

በማግሥቱ መምህርቷ ከዚያው ቀጠለች። «ከፍየሎቻችሁ ሁለቱ ቢሸጡ ስንት ይቀራል?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ፍየል የለንም ቲቸር።»

«ትናንት ሰባት አልነበሩም?»

«ሞቱ።»

«ሰባቱም? በአንድ ቀን?»

«አዎ።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ግልገሎቹም።»

መምህርቷ ሳቋን ዋጠችና ወደ ሌላው ዞረች። «እናንተ ቤት ስንት ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

«አንተስ?»

«እኔም የለሁም ቲቸር።»

ሳቋ ጠፋ። ከኋላ ወንበር የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት፣ ልጆቹ «ወላቃዋ» የሚሏት የባለ ወፍጮዋ ልጅ ሳትጠየቅ ተነሥታ፣ «እኛ ቤት ደግሞ ቤቱም የለም» አለችና ተቀመጠች። በሳምንቱ ራሷ ወላቃዋ ቀረች። ከዚያ ባለ ፍየሉ ቀረ። ከዚያም ወንበሩ እንደ ልጆቹ ጥርስ አንድ በአንድ ይወልቅ ጀመር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ትሰማ ነበር፤ ላሙም ፍየሉም ሰዉም ሰማይ የገባበት መንደር ስታይ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ሰው ወሬ አዛምቶባታል፤ ይህን አልተጠራጠረችም። ማን እንደሆነም አልተጠራጠረችም። መዝጊያ በሌለው መስኮት ሥር ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ጥላ ይቀመጣል፤ ጥላው አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

እንግዲህ ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላውም ይይዘዋል። መምህርቷም መጠርጠር ጀመረች። ከክፍል ስትመለስ ሳጥኑ ከነበረበት ትንሽ የተዛነፈ መሰላት። የጆሮ ሰላምታ ከአንገት በላይ መሰላት። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ክፍል ከመሄዷ በፊት የጠመኔ ዱቄት በመዳፏ ይዛ በሳጥኑ ክዳን ላይ ስስ አድርጋ በተነች። ለምሳ ስትመለስ ከዱቄቱ ላይ የአንድ ሰው ሙሉ መዳፍ ከነጣቱ ታትሞ አገኘችው።

ወጥታ ዘበኛውን ጠራችው።

«አባባ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ጆሮ እጁን አየ፤ ነጭ ነው። «ጠመኔ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የምሠራው ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ?»

«ጠመኔው ከሳጥኔ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ከደፉ ላይ ተቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። «እሺ ልጄ። ሸክሙን ልለካው ብዬ ነው። አልከፈትኩትም።»

«ምን አጠፋሁ አባባ? ልጆቹን የሚያስቀሩብኝ ለምንድን ነው?»

«የምትቆጥሪው ለማን ነው?»

«ለማንም! ሒሳብ እያስተማርኩ ነው።»

«እሱም እንዲሁ ነበር ያለው» አለ ጆሮ። ከዚያ አንገቱን አዘንብሎ ነገራት። ከጥቂት ዓመት በፊት ከረሜላ ኪሱን የሞላ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ወደ መንደሩ መጥቶ ነበር። ውኃ ከሚቀዱት ልጆች ጋር ይጫወታል፤ እየተጫወተ «እናንተ ቤት ስንት ፍየል አለ? ስንት ላም?» ይላል። ልጆቹ ለአንድ ፍየል አንድ ከረሜላ እያገኙ ያለውንም የሌለውንም ቆጠሩለት። ሰውየው ከሄደ በኋላ መኪና መጣ። «ይህን ያህል አላችሁ» ተባለ፤ በልጆቹ አፍ ልክ ከየበረቱ ተጎትቶ ወጣ። የሌለውን የቆጠረ ልጅ አባቱ ያለውን ከፈለ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው?» አለ ጆሮ። «እናንተ ቤት ስንት ፍየል አለ ስትዪ በመስኮቱ ስሰማ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከረሜላው አፌ ላይ መጣብኝ። ደግሞ ሳጥንሽ አለ።»

«ሳጥኔ ምን አደረገ?»

«ዝም ይላላ!» አለ ጆሮ።

በዚያው ሳምንት ከጭነት መኪናው ሾፌር ጋር ቃል ተላከላት፤ ከጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሩ በቅርቡ ይመጣል፣ ክፍሉን ያያል። መምህርቷ ከክፍሉ ደጃፍ ቆማ ወንበሮቹን አየች። ከዚያ የጃንጥላዋን የተሰበረ እጀታ ጨብጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደች።

ባለ ወፍጮዋ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወፍጮውን ብቻዋን ይዛለች። በመንደሩ ቃሏ ይሰማል፤ እሷ ልጇን ካስቀረች ሌላው ምክንያት አይጠይቅም። ከወፍጮ ቤቱ ኋላ በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ ትልቅ ጎተራ አላት፤ በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ መክፈቻው ከአንገቷ አይለይም። «እህልህን ከሙሉ ጎተራ አጠገብ አስፈጭ» ይላል መንደሩ፤ ያለው ሰው አይሰርቅም ለማለት ነው።

መምህርቷ ስትገባ ወፍጮው ቆሟል። አንዲት ዶሮ ወንፊቱ ውስጥ ተኝታለች። መምህርቷ ዝርዝር የማያመልጣት ሰው ናትና ዶሮዋን አየች፤ ግን ልቧ ሌላ ጋ ስለነበር አላሰበችበትም።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ደህና። ቆጠራው እንዴት ነው?»

«ቆጠራ አይደለም እትዬ። ሒሳብ ነው።»

«ምንድን ነው ልዩነቱ?»

መምህርቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ እንጂ ከወላጅ አልጠበቀችም። «ሒሳብ ሲያልቅ ይጠፋል» አለች በመጨረሻ። «ሰሌዳው ይጠረጋል።»

«ሰሌዳውስ ይጠረግ። ሳጥኑስ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም።»

ባለ ወፍጮዋ ዱቄቷን ከክንዷ እያራገፈች ሳቀች። «ምንም የሌለበት ሳጥን ማን ይቆልፋል? ሞኝ እመስልሻለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ። እኛ አንዴ ተመንጥረናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ክፈቺው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ባለበት ክፈቺው። ወረቀት ከሌለበት ልጄን እጇን ይዤ አመጣልሻለሁ። ካለበት ግን ሳጥንሽን ይዘሽ በመጣሽበት መኪና።»

መምህርቷ እያሰበች ዳገቱን ወጣች። ወረቀት ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አስተምራ አንዲት ጨርቅ እንኳ ያላጠራቀመች፣ ባዶ ሳጥን ቆልፋ ከመንደር መንደር የምትዞር ሴት መሆኗ ሊታይ ነው። ነገ ዱቤ የሚሰጣት፣ «ያላት ሴት ናት» የሚላት የለም። በሌላ በኩል ግምጃ ቤት አለ፤ መጥረጊያና ባልዲ። እናቷ ብትኖር ምን ትል ነበር? «አትክፈቺ» እንደምትላት ታውቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ላለመስማት ወሰነች።

የትምህርት ቀን ያልሆነ ጠዋት ተመርጦ ሰው መጣ። ቤቷ ስለማይበቃ ሳጥኑን ወደ ግቢው አወጡት። ሴቶቹ ቆሙ፣ ወንዶቹ አጥሩን ተደገፉ፣ ቀርተው የነበሩት ልጆች ሳይጠሩ ሁሉም ተገኙ። መምህርቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቁልፉን ከደረቷ ፈታ አወጣች። ለዓመታት ሳይዞር የኖረው ቁልፍ አልዞር አላት። ጆሮ ዘይት አመጣ። ሁሉም በዝምታ ዘይቱ እስኪገባ ጠበቀ። በመጨረሻ ቁልፉ ጮኸ፣ ክዳኑም ተነሣ።

ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

«ኧረ ባዶ ነው!» አለ አንዱ ገበሬ።

አንዳንዱ ሳቀ። መምህርቷ እጇን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት፤ ጃንጥላዋን ይዛ ብትወጣ ኖሮ ብላ ተመኘች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። መልሶ ጥርጣሬው መጣ።

«ትናንት አውጥታዋለች።»

«አዎ! ባዶ ሳጥን ተቆልፎ ይኖራል?»

«ጆሮ፣ አንተ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«እኔ ግቢ ነው የምጠብቀው፤ ሳጥን አይደለም!»

«ጢም ብሎ ሞልቷል ያልክስ አንተ አይደለህም?»

«አልተንቀሳቀሰም ነው ያልኩት» አለ ጆሮ ተቆጥቶ። «ያልኩት ደግሞ ልክ ነው። ምን አለና ይንቀሳቀስ?»

ባለ ወፍጮዋ አልሳቀችም። ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣችና ከሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። ክንዷን አስገብታ ወለሉን ዳበሰች፤ ጣቷን አወጣችና አየችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ራሱ አስገባች። ከኋላ ጥግ፣ ክር የማታስገባ የምትመስል አንዲት ስንጥቅ አለች፤ ከስንጥቋ ሥር ጥግና ጥጉን የያዘ፣ አቧራ ያጠገበው የሸረሪት ድር ተወጥሯል። ድሩ ላይ የደረቀ ዝንብ፣ የደረቀ የእሳት እራት፣ የሌላ ነገር ክንፍ አለ።

«ኑ እዩ» አለች ከሳጥኑ ውስጥ፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ይቺ ሸረሪት ቤት ሠርታ፣ አድና፣ በልታ፣ ወልዳለች። ትናንት ዕቃ በወጣበት ሳጥን ነው ይህ ሁሉ? ድሩ እንኳ አልተነካም።»

አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ ብለው አዩ። ሸረሪት በሰው ነገር አትገባም፤ ለማንም አታዳላም። የሚከራከር ጠፋ።

ሰዉ ድሩን ሲያይ ባለ ወፍጮዋ መምህርቷን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። «ታዲያ ለምን ቆለፍሽው?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

መምህርቷ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «እናቴ ናት። ባዶም ቢሆን ቆልፊው፣ ቁልፍ ያለው ሰው ይከበራል ብላኝ ነው።»

የባለ ወፍጮዋ እጅ ወደ አንገቷ ሄደና መክፈቻዋን ጨበጠ፤ እንደጨበጠም ቀረ። መምህርቷ ያን እጅ አየች። ወንፊቱ ውስጥ የተኛችው ዶሮ ትዝ አለቻት። የቆመው ወፍጮ፣ አስፋልቱ ዳር ተከፈተ የሚባለው አዲስ ወፍጮ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ወደዚያ የሚያልፈው ሰው፣ ሁሉም ተራ በተራ ትዝ አላት። ቀና ስትል ባለ ወፍጮዋ ታያታለች። አሁን የሚያዩዋት ዓይኖች እንደ ቀድሞው «ምን ደብቀሻል?» አይሉም፤ «ምን አውቀሻል?» ነው የሚሉት።

መምህርቷ ዓይኗን መልሳ ወደ መሬት ጣለች።

«በቃ፣ ተበተኑ!» ብላ ባለ ወፍጮዋ ወደ ሰዉ ጮኸች። «የሸረሪት ሠርግ ነው እንዴ የምታዩት?» ከዚያ ወደ መምህርቷ ጠጋ ብላ፣ «መልሰሽ ቆልፊው» አለች። «ሰው ስላወቀ ተብሎ አይከፈትም።»

ወላቃዋ በማግሥቱ በእናቷ እጅ ተመለሰች። ከሷ ጋር አንዳንዶቹ ተመለሱ። ግን መንደር በአንድ ሳጥን አይታመንም። «ሳጥኑስ ባዶ ይሁን፤ ጭንቅላቷስ? ሰምታ ብትናገርስ?» ያሉ ነበሩ። ባለ ፍየሉ አልመጣም። ግማሹ ወንበር ባዶ እንደሆነ ሱፐርቫይዘሩ ደረሰ።

ወጣት ነው፤ ጫማው ከአቧራው ሥር ያብረቀርቃል። ከኋላ ካለች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጆሮው ድረስ መጣ። «ትምህርቱ ከልጆቹ ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት» አለ። «እስቲ ሒሳብ ያሳዩኝ።»

መምህርቷ ጠመኔዋን አነሣች። «እኔ ቤት ስንት ኩባያ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ልጆቹ ቤቷን ከሷ በላይ ያውቁታል። «ሦስት! አንዱ እጀታ የለውም!»

«ድስትስ?»

«ሁለት! አንዱ ያፈሳል!»

«ቀሚስስ?» አለች። ልጆቹ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሱፐርቫይዘሩ እጁን አነሣ። «ጥሩ ነው። ግን ከልጆቹ ቤት ይሁን። አንቺ፣ እናንተ ቤት ምን አለ?»

ወላቃዋ ተነሣች። «ጎተራ አለ።»

«ጎበዝ! ስንት ኩንታል እህል አለበት?» ሰውየው ይህን ያለው በቅን ልብ ይሁን በሌላ እግዜር ይወቅ። ሆኖም ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

እርሳሱ ሲወጣ ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጅቱ እርሳሱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ መምህርቷን አየች። «ተቆልፏል» አለች በወለቀው ጥርሷ ክፍተት።

«ግምትሽን ንገሪኝ።»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ እንደ ወንዙ ዳር ዘመን ሻከረ። «በዚህ ክፍል የተቆለፈ ነገር አይቆጠርም። ቁጭ በይ ልጄ።»

ሱፐርቫይዘሩ ጉልበቱን ዘርግቶ ቆመ። «ይህ መመሪያው ላይ የት አለ?»

«መመሪያው ላይ የለም። ያለው እዚህ ነው።»

ከደቂቃ በፊት የነበረው ፈገግታ ከሰውየው ፊት ጠፋ። ደጃፉ ላይ ደርሶ ዞረ። «ግማሹ ወንበርዎ ባዶ ነው። ለወሩ መጨረሻ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ጽሕፈት ቤት ያሉትን ኃላፊ ያውቋቸዋል።»

መምህርቷ ሰሌዳውን ጠረገች። አንዲት ቃል ብትውጥ፣ ልጅቱ አንድ ቁጥር ብትል ምን ነበረበት? በገዛ አፏ ወደ ግምጃ ቤት የገባች መሰላት። በመስኮቱ ብታይ ጥላው የለም። ጆሮ በዕድሜው ባልታየ ፍጥነት ቁልቁለቱን ወደ ወፍጮ ቤቱ ይወርዳል። «የቀረኝም ሊበተን ነው» አለች በልቧ። ሰማዩም መሬቱም የጠረጠራት መሰላት።

በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ስትገባ ከደፉ ላይ ቆም አለች። ወንበሩ ሞልቷል። ሦስት ሦስት ሆነው የተጨናነቁበትም አለ። ከመስኮቱ ሥር ጥላው ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፤ አንገቱ እንደተለመደው ዘንበል ብሏል። ትናንት የሰማውን አንድም ቃል ሳያጎድል አድርሶ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ተዘጋጅቷል።

ፊት ወንበር ላይ ባለ ፍየሉ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፍየሎቹ ተነሡ።»

«ተነሡ?» አለች መምህርቷ፣ ጠመኔዋን ይዛ። «ስንቱ?»

ልጁ መስኮቱን አየ። በሩን አየ። ከዚያ እሷን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ጥቂቱ» አለ።